የቪሩንጋን ጎሪላዎች ማን አተረፋቸው?

ሩዋንዳ፣ ኡጋንዳና ኮንጎ በሚዋሰኑበት ሥፍራ ቪሩንጋ የሚባሉ ስምንት የእሳተ ገሞራ ተራሮች አሉ። ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ዝናብና ጭጋግ አይለያቸውም። ከታች ቀርከሃ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያም በላይ ጅብራ በቅሎባቸዋል። የባሌን ወይም የሰሜንን ተራራ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እዚያ ቢደርስ አገሩ የገባ ሊመስለው ይችላል። ኮሶው በአገር ቤት ለመድኃኒት የሚጠጣው ያው ኮሶ ነው፤ የሳይንስ ስሙም «ሐጌኒያ አቢሲኒካ» ይባላል። ልዩነቱ በዚህኛው ጫካ በኮሶው ዛፍ ሥር ጎሪላ መተኛቱ ነው። ሳማውንም ቀለቡ አድርጎታል፤ ቅጠሉን ከግንዱ በመዳፉ ገፍፎ፣ እንዳይለበልበው አጣጥፎ ይጎርሰዋል።

የተራራ ጎሪላ የሚባለው ይህ ዘር በ1981 በተደረገ ቆጠራ በቪሩንጋ 254 ብቻ ቀርቶ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ከማለቁ በፊት ይጠፋል ብለው የሰጉ ሊቃውንት ጥቂት አልነበሩም። ዛሬ ግን በቪሩንጋና ኡጋንዳ ውስጥ ባለው በብዊንዲ ደን በጠቅላላው ከአንድ ሺህ በላይ ሆኗል። ይህ እንዴት ሆነ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚጠራው የአንዲት አሜሪካዊትን ስም ነው፤ ለዚህም ምክንያቱ በ1988 የወጣው ፊልም ነው። ሴትዮዋ ምስጋና ይገባቸዋል። ታሪኩ ግን ከፊልሙ ይሰፋል። ከባሕር ማዶ በገዛ ፈቃዳቸው የመጡ ወጣቶች አሉበት፤ እዚያው ጫካ ጥግ ድንች እየተከሉ የሚኖሩ ገበሬዎችም አሉበት። የኋለኞቹ ስም በመጻሕፍት ውስጥ እምብዛም አይገኝም።

መጀመሪያ ከውጭ የመጡት ሰዎች ሊጠብቁ ሳይሆን ሊገድሉ ነበር የመጡት። በ1902 ፎን ቤሪንገ የተባለ ጀርመናዊ መኮንን ሳቢንዮ በተባለው ተራራ ላይ ሁለት ጎሪላዎች ተኩሶ ጣለ። ዘሩ በሳይንስ ዓለም የሚጠራው እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ሰው ስም ነው፤ ለገዳይ የተሰጠ ሹመት ማለት ይቻላል። በ1921 ደግሞ የእንስሳት ቆዳ ለሙዚየም የሚያዘጋጁት አሜሪካዊው ካርል ኤክሊ መጡና አምስት ጎሪላዎች ለኒውዮርክ ሙዚየም ወሰዱ። እኚህ ሰው ግን ባደረጉት ነገር ሳይጸጸቱ አልቀሩም። ወዲያው ፊታቸውን አዙረው የቤልጂግን ንጉሥ አልበርትን መወትወት ጀመሩ፤ በ1925ም በንጉሡ ስም የተጠራው ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ። በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ይህ ነው ይባላል። ኤክሊ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ተራራው ተመልሰው ሳለ ታመው ሞቱና እዚያው ካባራ በተባለ ሜዳ ተቀበሩ።

ፓርኩ ሲከለል በውስጡ ሲያድኑ፣ ማር ሲቆርጡና እንጨት ሲለቅሙ የኖሩትን ሰዎች የጠየቀ አልነበረም። የነጭ መንግሥት በካርታ ላይ መስመር አሰመረ፤ በመስመሩ ውስጥ የተገኘ ሁሉ ወንጀለኛ ሆነ። ይህ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ለመጣው ችግር ሁሉ ሥር ስለሆነ መዘንጋት የለበትም።

በ1959 እና በ1960 ዶክተር ጆርጅ ሻለር ጎሪላዎቹን በሰላም ቀርበው በማጥናት አውሬው በተረት እንደሚወራበት ሰው በላ አለመሆኑን አሳዩ። ያን ጊዜ ቁጥራቸውን ወደ 450 ገመቱት። ከሰባት ዓመት በኋላ ዳያን ፎሲ መጡ። ወይዘሪት ፎሲ ሳይንቲስት አልነበሩም፤ በኬንተኪ ክፍለ ሀገር በሉዊቪል ከተማ አካለ ስንኩል ሕፃናትን የሚረዱ የሆስፒታል ባለሙያ ነበሩ። ወደ አፍሪካ የላኳቸው ዶክተር ሉዊስ ሊኪ «ጫካ ውስጥ ሐኪም ስለማይገኝ ትርፍ አንጀትሽን አስወጪ» ብለዋቸው እውነት መስሏቸው አስወጡ። በኋላ ከዶክተሩ በመጣ ደብዳቤ፣ ነገሩ ቁርጠኝነታቸውን ለመፈተን የተባለ እንጂ የግድ እንዳልነበር ተረዱ።

ወይዘሪት ፎሲ በጥር 1967 ካባራ ላይ ድንኳን ሲተክሉ ጎሪላ እንዴት እንደሚፈለግ ያስተማሯቸው አቶ ሳንዌክዌ የተባሉ ኮንጓዊ የፓርክ ዘበኛ ናቸው። እኚህ ሰው በልጅነታቸው የኤክሊን ቡድን በዱካ የመሩ፣ በኋላም ከሻለር ጋር የሠሩ ነበሩ። ኤክሊ፣ ሻለርና ፎሲ ሦስቱም በዓለም ታወቁ፤ ለሦስቱም መንገድ ያሳዩትን ሰው ግን ዛሬ የሚያውቃቸው ጥቂት ነው።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ኮንጎ ውስጥ ሁከት ተነሥቶ ወታደሮች ፎሲን ከተራራው አወረዷቸው። እሳቸው ግን ወደ ሩዋንዳ ተሻግረው በመስከረም 24 ቀን 1967 በካሪሲምቢና በቪሶኬ ተራሮች መካከል፣ ሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ አዲስ የምርምር ጣቢያ መሠረቱ። የሁለቱን ተራሮች ስም አገጣጥመው ካሪሶኬ አሉት። ጣቢያው ከቆርቆሮ የተሠሩ ጥቂት ጎጆዎች እንጂ ሌላ አልነበረውም።

ሥራው ለአንድ ሰው የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መምጣት ጀመሩ። አንዳንዶቹ ለድግሪያቸው ጥናት፣ አንዳንዶቹ ያለ ምንም ክፍያ ለማገልገል ነበር አመጣጣቸው። ከነዚህ አንዱ እንግሊዛዊው ኢያን ሬድመንድ ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ በ1976 በበጎ ፈቃድ ረዳትነት መጣ። የነዚህ ወጣቶች ተግባር ምን እንደነበር ማወቁ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም ሰው «የዱር አራዊት ጥበቃ» ሲባል ከጎሪላ ጋር መጫወት ይመስለዋል። አብዛኛው ሥራ በጭቃ ውስጥ መራመድ ነበር። ቆጠራ በሚደረግበት ጊዜ ለሳምንታት በድንኳን እያደሩ፣ ሳማ እየለበለባቸው፣ ገደል እየወጡና እየወረዱ የጎሪላ መኝታ ይፈልጋሉ። ጎሪላ በየማታው አዲስ መኝታ ከቅጠል ይሠራል፤ ጠዋትም ኩሱን እዚያው ትቶ ይሄዳል። የመኝታዎቹን ብዛትና የኩሱን መጠን በማየት የቤተሰቡ ቁጥር፣ ሕፃኑና አውራው ይለያሉ። ብርዱንና ብቸኝነቱን ሳይችሉ ቀርተው ቶሎ የተመለሱ ወጣቶችም ነበሩ፤ ጣቢያው ለሁሉ የሚሆን አልነበረም።

ሌላው ሥራ ወጥመድ መንቀል ነው። አዳኞቹ በአብዛኛው የሚፈልጉት ጎሪላ ሳይሆን ሚዳቋና ድኩላ ነው። ቀርከሃ አጉብጠው በሽቦ ወይም በገመድ ሸምቀቆ ያስሩበታል። የጎሪላ ግልገል እጁን ወይም እግሩን ያስገባ እንደሆነ ሽቦው ሥጋውን ይቆርጠውና ቁስሉ ያመረቅዛል። ነጮቹ ተማሪዎች ወጥመዱን የሚያገኙት ግን በራሳቸው ዓይን አልነበረም። እንደ ኔሜዬ፣ ቫቲሪና ርዌለካና ያሉ ሩዋንዳውያን ዱካ ተከታዮች ፊት ፊት ይሄዳሉ፤ የታጠፈ ሣር፣ የተሰበረ ቅርንጫፍ አይተው ጎሪላው ከስንት ሰዓት በፊት እንዳለፈ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ተማሪው ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ቆይቶ ድግሪውን ይዞ ይሄዳል፤ ዱካ ተከታዩ እዚያው ይቀራል። (በነገራችን ላይ በ2012 የካሪሶኬ ሠራተኞች ሁለት ወጣት ጎሪላዎች ራሳቸው ተባብረው ወጥመድ ሲያፈርሱ አይተዋል። ትምህርቱን ከማን እንደቀሰሙት አይታወቅም።)

በታኅሣሥ 31 ቀን 1977 ዲጂት የተባለው፣ ፎሲ ከሁሉ አብልጠው ይወዱት የነበረው ወንድ ጎሪላ በአዳኞች ጦር ተወግቶ ሞተ። ቤተሰቡ እስኪያመልጥ ድረስ ብቻውን ተጋፍጦ ነበር። ራሱና እጆቹ ተቆርጠው ተወሰዱ። ሬሳውን ከሁለት ቀን በኋላ ያገኙት ኢያን ሬድመንድና ኔሜዬ ናቸው። ወሬው በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲነገር ከየአገሩ ገንዘብ መጣ፤ ፎሲም በዲጂት ስም የእርዳታ ድርጅት አቋቋሙ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ በሁለት መንገድ ተከፈለ። ወይዘሪት ፎሲ መፍትሔው ኃይል ነው አሉ። የተያዘ አዳኝ በሳማ አስገርፈዋል፤ ወደ ፓርኩ የገቡ ከብቶች ላይ ተኩሰዋል፤ ጭምብል እያጠለቁ ጠንቋይ መስለው አስፈራርተዋል። የአካባቢው ሰው «ተራራ ላይ ብቻዋን የምትኖር ሴት» የሚል ስም አወጣላቸው። ሐዘናቸውን መረዳት አያዳግትም። ነገር ግን በሰው አገር ተቀምጦ የአገሬውን ገበሬ ማስገረፍ ጎሪላንም ቢሆን ለዘለቄታው አይጠቅምም ነበር፤ ገበሬው ስለ ጎሪላ ያወቀው ነገር ቢኖር ሳማው ነበርና።

ሁለተኛውን መንገድ የከፈቱት በ1978 ካሪሶኬ የደረሱት ባልና ሚስት ቢል ዌበርና ኤሚ ቬደር ናቸው። ሁለቱም ቀደም ሲል በዛየር የፒስ ኮር በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ፒስ ኮር ከ1962 ጀምሮ በኢትዮጵያ በየአውራጃው ያስተምር ስለነበር ብዙ አንባቢ እንዲህ ያሉትን ወጣቶች ከተማሪነቱ ጊዜ ያስታውሳቸዋል። ቬደር ጎሪላ ምን ያህል ምግብና መሬት እንደሚበቃው ሲያጠኑ፣ ዌበር ማንም ያላሰበውን ሥራ ሠሩ። ከተራራው ወርደው ገበሬዎቹን «ስለዚህ ጫካ ምን ታስባላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

መልሱ የሚያስደስት አልነበረም። ግማሽ ያህሉ ገበሬ ጫካው ተመንጥሮ ቢታረስ ይሻላል ባይ ነበር። ይህም ከክፋት የመጣ አይደለም። ሩዋንዳ በአፍሪካ ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ የአንድ ቤተሰብ መሬት ለልጆች ሲከፋፈል መደብ ያህል እየሆነ ሄዷል። በዚያ ላይ መንግሥት ራሱ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከፓርኩ አሥር ሺህ ሄክታር ያህል ቆርሶ ፓይሬትረም ለተባለው የተባይ መድኃኒት አበባ እርሻ ሰጥቶ ነበር፤ ለዚያውም በአውሮፓ የልማት ገንዘብ። አውሮፓ በአንድ እጁ ጎሪላ ጠብቁ እያለ በሌላው ጫካውን ለማስመንጠር ገንዘብ ከፈለ ማለት ነው። በ1979 ደግሞ ሌላ አምስት ሺህ ሄክታር ለከብት እርባታ ሊቆረስ ታቀደ። ያ ቢፈጸም ኖሮ ስለ ወጥመድ መነጋገሩ ትርጉም ባልነበረው ነበር።

ዌበርና ቬደር ለመንግሥት ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ጎሪላው በሕይወት እያለ ከከብቱ የበለጠ ገንዘብ ያምጣ። በ1979 የተራራ ጎሪላ ፕሮጀክት ተቋቋመ። ዘበኞች በደንብ ተደራጁ፤ ፊልምና ሥዕል የያዘ መኪና በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ጫካው ለተራራው ሥር ገበሬ የውሃ ምንጭ መሆኑን አስረዳ፤ ሰው የለመዱ የጎሪላ ቤተሰቦችም በጥቂት በጥቂቱ ለጎብኚ ተከፈቱ። የከብቱ እቅድ ቀረ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቱሪዝም ከቡናና ከሻይ ቀጥሎ ለሩዋንዳ ከፍተኛ የውጭ ምንዛሪ የሚያስገባ ሥራ ሆነ። በ1989 በተደረገው ቆጠራ የቪሩንጋ ጎሪላዎች 324 ደርሰው ተገኙ።

ወይዘሪት ፎሲ የቱሪስቱን ነገር እስከ መጨረሻው ተቃውመዋል። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ የሰው ጉንፋን ጎሪላን ይገድላል። ዛሬ አንድን ቤተሰብ በቀን ከስምንት ጎብኚ በላይ፣ ከአንድ ሰዓትም በላይ እንዳያይ የተደረገው ለዚሁ ነው። እሳቸው ግን ውጤቱን ሳያዩ በታኅሣሥ 1985 መጨረሻ ሌሊት በጎጇቸው ውስጥ በቆንጨራ ተገደሉ። ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በዚሁ ጉዳይ ተጠርጥረው ከታሰሩት አንዱ፣ የጣቢያው ዱካ ተከታይ የነበረ ሩዋንዳዊ፣ እስር ቤት ውስጥ ሞቷል። የፎሲ መቃብር ከዲጂት መቃብር አጠገብ ነው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ከ1990 ጀምሮ የአማፂያኑና የመንግሥት ወታደሮች የሚዋጉት በጎሪላዎቹ ጫካ ውስጥ ነበር። በ1994 በሩዋንዳ የሆነውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ሰው በመቶ ሺህ እየታረደ ስለ ጎሪላ ማውራት ያሳፍራል የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ሆኖም የሆነው ሆኗል፤ የውጭ አገር ሰዎች በአውሮፕላን ሲወጡ ተራራው ለአገሬው ሰው ቀረ። ካሪሶኬ ተዘረፈ፣ ፈረሰ። በኮንጎ በኩል በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ስደተኛ በቪሩንጋ ሥር ሠፍሮ ለማገዶ ጫካውን ቆረጠ። በዚህ ሁሉ መካከል፣ ዘመድ የሞተባቸውና ቤት የተቃጠለባቸው ዱካ ተከታዮችና ዘበኞች ሁኔታው በፈቀደላቸው ቁጥር ወደ ጫካው ተመልሰው ጎሪላዎቹን ይቆጥሩ ነበር። በኮንጎ የነበሩት ዘበኞች ለዓመታት የመንግሥት ደሞዝ ሳያዩ ሠርተዋል። ይህ በጎ ፈቃደኝነት ካልተባለ ምን ሊባል ነው? በቪሩንጋ ፓርክ ባለፉት አሥርት ዓመታት ሕይወታቸውን ያጡት ዘበኞች ከ200 በላይ ናቸው። በ2007 ከከሰል ንግድ ጋር በተያያዘ ጠብ አንድ የጎሪላ ቤተሰብ ሲረሸን፣ የአውራውን ሬሳ በእንጨት ቃሬዛ አስረው በትከሻቸው ከጫካ ያወጡት የአካባቢው ሰዎች ነበሩ።

በኡጋንዳ በኩል ያለው የብዊንዲ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። ደኑ በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ለብዙ ትውልድ ጫካውን ቤታቸው አድርገው የኖሩት የባትዋ ሕዝቦች ተገቢ ካሣ ሳያገኙ ተባረሩ። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ መሬት የላቸውም። የጎሪላው ቁጥር ጨመረ ሲባል ይህም አብሮ መነገር አለበት።

በ1996 በብዊንዲ ጎሪላዎች ላይ እከክ ገባ፤ አንድ ግልገልም ሞተ። በሽታውን የመረመሩት የኡጋንዳ የዱር አራዊት ሐኪም የሆኑት ወጣቷ ዶክተር ግላዲስ ካሌማ ዚኩሶካ ናቸው። እከኩ የመጣው ከሰው ነበር፤ ገበሬዎች ወፍና አውሬ ለማስፈራራት በማሳቸው ላይ ያቆሙት ማስፈራርቾ የለበሰው አሮጌ ጨርቅ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ዶክተሯ ከዚህ የተረዱት ነገር የሰፈሩ ሰው ካልታከመ ጎሪላውም አይድንም የሚለውን ነው። በ2003 የመሠረቱት ድርጅት ዛሬ በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞች አሉት። እነዚህ ሰዎች ደሞዝተኛ አይደሉም፤ ከጎረቤት ጎረቤት እየሄዱ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ያስረዳሉ፤ በዚያውም ጎሪላ ከጫካ ወጥቶ እንደሆነ ያስታውቃሉ። የገበሬዎቹን ቡና በተሻለ ዋጋ ገዝቶ ወደ ውጭ የሚሸጥ ንግድም ከዚሁ ሥራ ተወልዷል።

በ2015 እና በ2016 በቪሩንጋ በተደረገው ቆጠራ 604፣ በ2018 በብዊንዲ በተደረገው 459፣ በድምሩ 1,063 ጎሪላዎች ተገኙ። የቆጠራው ዘዴ ከካሪሶኬ ዘመን ብዙም አልተለወጠም፤ አሁንም በእግር ሄዶ መኝታ መፈለግ ነው። የተጨመረው ኩሱ ላቦራቶሪ ገብቶ እያንዳንዱ ጎሪላ በዘር ምልክቱ መለየቱ ነው። ሩዋንዳም በ2005 ከፓርክ ገቢ አምስት በመቶውን ለአካባቢው ሕዝብ መስጠት ጀምራ በ2017 ወደ አሥር በመቶ አሳድጋዋለች። ገበሬው ከዚህ የሚደርሰው አነስተኛ ቢሆንም ትምህርት ቤትና የውሃ ቧንቧ ተሠርቶበታል።

የጎሪላው ቁጥር ሲጨምር ጫካው ግን አልሰፋም። ስለዚህ ጎሪላዎቹ አጥር ዘለው ወደ ማሳ ይወጣሉ። ከሁሉ የሚወዱት የሙዝ ተክል ነው፤ ፍሬውን ሳይሆን እንሰት እንደሚፋቅ የግንዱን ውስጠኛ ክፍል ሰንጥቀው ይበላሉ። በዚህም ተክሉ ጨርሶ ይጠፋል። በብዊንዲ ዙሪያ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለዚህ የተደራጁ የመንደር ቡድኖች አሉ። አባሎቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ደሞዝ የላቸውም፤ የሚሰጣቸው ቦት ጫማና የዝናብ ልብስ ነው። ጎሪላ ወጣ የሚል ጥሪ ሲመጣ የራሳቸውን ሥራ ጥለው ይሄዳሉ፤ ተሰልፈው፣ ድምፅ እያሰሙ፣ አውራው ሳይቆጣ መላ ቤተሰቡን ቀስ ብለው ወደ ጫካው ይመልሱታል። ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ጊዜ አለ። የተበላው ሙዝ የራሱ የሆነ ሰው በሰልፉ ውስጥ መገኘቱም የተለመደ ነው።